ካጋር አረንጓዴ ናት

አትጠገብ ወልደአማኑኤል ሶማልኛ ትናገራለች፤ አታነብም። ጅጅጋ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ነው። አያቷ ወደ ከተማዋ የመጡት በወታደርነት ነበር። አባቷ መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ወጡ። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። አጥር የሚጋሯቸው ጎረቤት ዓሻ የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ስለነበሩ አትጠገብ ሁለቱን ቋንቋዎች አንድ ላይ ለመደች፤ ሶማልኛውን ከነቀልዱ፣ ከነስድቡ። ትምህርት ቤት ግን የገባችው በአማርኛው ክፍል ነው። የሶማልኛው ክፍል ከግድግዳው ማዶ ነበር። እዚያ በላቲን ፊደል ይጽፋሉ። ድምፃቸው በመስኮት ይመጣል፤ ደብተራቸው አይመጣም።

አስፈልጓትም አያውቅም። የሱቅ ታፔላ ባለሱቁን ለሚያውቅ ሰው አይነበብም። የቢሮ ወረቀት ወይ በአማርኛ ወይ በእንግሊዝኛ ይደርሳታል።

ሐረማያ ስታትስቲክስ ተምራ ስትመለስ የመጀመሪያ ሥራዋን ሸደር አገኘች፤ የስደተኞች መዝገብ ላይ። ሦስት ዓመት ስም፣ ዕድሜና የመጠለያ ቁጥር በእንግሊዝኛ ኤክሴል ላይ ስታስገባ ቆየች። እያንዳንዱ መስመር ላይ ካምፕ የሚለው ቃል አለ፤ በላቲኗ ሲ ፊደል የሚጀምር። በቀን ሦስት መቶ፣ አራት መቶ ጊዜ ሲን እያየች በሆዷ ካ ትላለች። ጣቷም ዓይኗም ይህን ለመደ።

በ2006 ጅጅጋ ተመለሰች። ድርቅ ባለበት ቀበሌ ሁሉ ውሃ በቦቴ የሚያደርስ አንድ የረድኤት ድርጅት የመረጃ ባለሙያ አድርጎ ቀጠራት። በዚያን ጊዜ ቦቴዎቹን የሚመራው ስልክ ነበር። አብዝቶ የሚደውል ሊቀመንበር ቀድሞ ውሃ ያገኛል። የሚያውቀው ሰው ቢሮ ውስጥ ያለው ደግሞ ሳይደውልም ያገኛል። ኔትወርክ የሌለበት ቀበሌ ወረፋው አይደርሰውም። አትጠገብ ይህን ለሁለት ዓመት በኤክሴል መዘገበች። መመዝገብ እንጂ መለወጥ ሥራዋ አልነበረም።

በ2008 ነቢዩ ፓወር ቢአይ የሚባለውን ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ ከድሬዳዋ መጣ። ነቢዩ ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ፎቅ ላይ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ አለው። ኔትወርኩ ያን ያህል ከባድ ፋይል ስለማያወርድ፣ ፕሮግራሙ ከእጅ ወደ እጅ በዚያች ፍላሽ ከተማውን ዞረ። ቁጥር የሚሠራ ሰው ሁሉ ፈለገው፤ የጤና ቢሮው፣ የከብት ገበያው፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ሁለት ባንክ። በዓመቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ነቢዩ ጋ የሚሰበሰቡ አሥራ አራት ሰዎች ነበሩ። ስማቸው "የቅዳሜ ሰባሪዎች" ነበር።

ስሙ ከአሠራራቸው የመጣ ነው። በየሳምንቱ አንድ ሰው የሠራውን ዳሽቦርድ ያመጣል፤ ማለትም ቁጥሮቹን በሥዕልና በቀለም አጠቃሎ የሚያሳይ አንድ ገጽ። ሌሎቹ ሊሰብሩት ይሞክራሉ። የት ይዋሻል? የቱ ቁጥር ሁለቴ ተቆጠረ? ሕጉ አንድ ነው፤ ሥራውን ያመጣው ሰው ሌሎቹ እስኪጨርሱ አይናገርም። መከላከል ክልክል ነው። የተናገረ ለሁሉም ሳምቡሳ ይገዛል። ደግሞ ከስድስት ሰዓት በፊት መጨረስ አለባቸው፤ ጫት ከገባ በኋላ ወንዶቹን የሚያገኛቸው የለም።

አትጠገብ ዳሽቦርዷን የሠራችው በዚያ ክፍል ነው። ሰማንያ ስድስት ቀበሌ፣ ሰማንያ ስድስት ነጥብ። ውሃ ካገኘ ሰባት ቀን ያለፈው ቀበሌ ቀይ ይሆናል። ያገኘው አረንጓዴ። ቦቴው ወደ ቀዩ ይሄዳል። የስልክ ነገር በዚህ አበቃ። ከሊቀመንበሮቹ መካከል የተቆጡ ነበሩ። እሷ ግን አንድም ቀን ወደ ኋላ አላለችም።

አንድ ችግር ብቻ ነበረው፤ ስም። ሾፌሩ ውሃውን ቢርካ በሚሉት የቀበሌው ማጠራቀሚያ ሲያራግፍ ከቀበሌው ኮሚቴ አንድ ሰው የማስረከቢያ ቅጽ ይሞላል፤ የቀበሌውን ስም በሶማልኛ አጻጻፍ። የቢሮው የቀበሌዎች ዝርዝር ደግሞ ከዓመታት በፊት አንድ አማርኛ ተናጋሪ ጸሐፊ እንደሰማው በእንግሊዝኛ የተየበው ነው። አንድ ቀበሌ ሁለት፣ ሦስት ዓይነት ሆኖ ይጻፋል። ስለዚህ አትጠገብ ድልድይ ሠራች፤ ሰባሪዎቹ እንዲህ ያለውን ሠንጠረዥ ድልድይ ይሉታል። በግራ ቅጹ ላይ የተጻፈው፣ በቀኝ የዝርዝሩ ስም። ሁለት መቶ አርባ መስመር። በሁለት ቀን ጨረሰችው። ማንንም አላማከረችም።

በጥር 2009፣ ረቡዕ ጠዋት፣ አንዲት ሴት ቢሮ መጣች።

ቢሻሮ ትባላለች። ዕድሜዋ ከሃምሳ በላይ ነው። ከቱሊ ጉሌድ ማዶ ካለችው ከካጋር ቀበሌ ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በአይሱዙ መጥታ ነው። ኃላፊው ዐብዲወሃብ ወንበር ሰጣት። አልተቀመጠችም።

"የቢርካችን ውሃ ካለቀ ዛሬ ሃያ ሁለት ቀን ነው" አለች በሶማልኛ። "ቢርካው ጭቃ ሆኗል። ጭቃውንም በጨርቅ አጥልለን ጨርሰነዋል። ዘጠኝ ቤተሰብ ለቋል። እኔ ያልሄድኩት እናቴ መቆም ስለማትችል ነው።"

ዐብዲወሃብ አትጠገብን ጠራ። ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ካጋርን ነካች። ነጥቡ አረንጓዴ ነበር። የመጨረሻው ቦቴ ከሦስት ቀን በፊት ደርሷል፤ በወሩ ውስጥ በጠቅላላው አራት።

"ኤዶ" አለች አትጠገብ፤ እዚህ ከተማ ትልቅ ሴት አክስቴ ተብላ ትጠራለች። "ኤዶ፣ እዚህ አራት ቦቴ ደርሷል ይላል።"

"ማን ነው የሚለው?"

"መዝገቡ።"

ቢሻሮ ጎንበስ ብላ ስክሪኑን አየች። "ይቺ አረንጓዴ ጠብታ እኛ ነን?"

"አዎ።"

"ታምራለች። ታዲያ ከእሷ ቅጅልኝና ለእናቴ ልውሰድላት።"

ዐብዲወሃብ ሳቁን ዋጠ። ቢሻሮ አልሳቀችም። ማክሰኞ ደግሞ የቀሩት እንደሚለቁ፣ አህያ የሌለው ግን የትም እንደማይሄድ ተናግራ ወጣች። ከተማ ውስጥ የእህቷ ልጅ ቤት ነበረች። ስልክ ቁጥሩን አትጠገብ መዘገበች።

"ምን ይመስልሻል?" አለ ዐብዲወሃብ በሩ ሲዘጋ።

"አላውቅም።"

"እኔ አውቃለሁ። ሁሉም ደርቀናል ይላል። አባቴ ራሱ ሊቀመንበር በነበረ ጊዜ ይል ነበር። ቦቴ ከሚያልፍህ ብትዋሽ ይሻላል።"

"ሴትዮዋ ግን ሊቀመንበር አይደለችም።"

"ወይ ሴትዮዋ ትዋሻለች፣ ወይ ሾፌሩ ውሃውን ሸጦታል። ሌላ ሦስተኛ ነገር የለም።"

አትጠገብ ሦስተኛውን ታውቅ ነበር። ገጿ ራሱ ሊሳሳት ይችላል።

ሐሙስ ሳምንታዊው ስብሰባ ነበር። የዞኑ ሰዎች፣ የወረዳ ተወካዮች፣ ዐብዲወሃብ። ዳሽቦርዷ ግድግዳው ላይ በራ። ካጋር አረንጓዴ ስለነበረች ስሟ አልተነሳም። የሚነሱት ቀዮቹ ናቸው፤ ከሁሉም በላይ አጋር የምትባለው ከሸደር በላይ ያለች ቀበሌ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ቀይ ነበረች። "አጋር አሁንም አጋር አጣች" ብሎ አንዱ የወረዳ ሰው ቀለደ። ሁለት ቦቴ ተመደበላት። አትጠገብ አጋርን እያየች ስለ ካጋር ታስብ ነበር። እጇን ልታወጣ ፈለገች። ምን ይዛ? አንዲት ሴት ተናግራለች ብላ? በስልክ ዘመን የነበረው አሠራር እኮ ይኸው ነበር፤ የተናገረ ይሰማል። እጇን አላወጣችም።

ዓርብ ቅጾቹን ከፋይሉ አውጥታ አየች። በካጋር ስም ከገቡት አራቱም ላይ ፊርማ አለ፤ ሰሌዳ ቁጥሩም ተጽፏል። አራቱም የጌዲ ቦቴ ነበሩ። ጌዲ አሥራ ሰባት ዓመት ሲነዳ የኖረ ሾፌር ነው። ደወለችለት።

"ካጋር ስንተኛ ጊዜህ ነው?"

"ካጋር? የት ነው እሱ?"

"ከቱሊ ጉሌድ ማዶ። አራት ጊዜ ሄደሃል።"

"እህቴ፣ በዚህ ዓመት ቱሊ ጉሌድን በዓይኔ አላየሁም። ማነው እንዲህ ያለው?"

"ቅጹ ላይ..." ብላ ሳትጨርስ ኔትወርኩ ተቋረጠ። እስከ ማታ አልተመለሰም።

ዐብዲወሃብ ይህን ሲሰማ እጁን ጠረጴዛ ላይ መታ። "ያው! ይፈርምና በዓይኔ አላየሁትም ይላል። ሸጦታል ማለት ነው። ሰኞ ከሥራ ይታገዳል፤ ፖሊስም ይወቀው።"

"ካጋርስ?"

"ሰኞ ይጣራል።"

"እስከ ሰኞ ሃያ ሰባት ቀን ይሆናቸዋል።"

"ማስረጃ አምጪ፣ ቦቴ እሰጥሻለሁ። አረንጓዴ ወደሆነ ቀበሌ ቦቴ ልኬ ለዞኑ ምን ልበል? ራስሽ አይደለሽ ቀዩ ቅድሚያ ያግኝ ያልሽው?"

ራሷ ነበረች።

ቅዳሜ ጠዋት ተራው የዐብዲጀባር ነበር፤ የከብት ገበያው መረጃ ሠራተኛ። አትጠገብ ደረጃው ላይ ጠበቀችው።

"ተራህን ስጠኝ።"

"ሦስት ሳምንት ጠብቄ? የፍየሎቼን ሥዕል አሳምሬ?"

"ፍየሎችህ ሳምንትም ይኖራሉ። እኔ የያዝኩት ሰዎች ላይኖሩ ይችላሉ።"

ዐብዲጀባር ፊቷን አይቶ ላፕቶፑን ወደ ቦርሳው መለሰ።

ያጋጠማትን ሁሉ ነገረቻቸው፤ በአምስት ደቂቃ። ሴትዮዋ ደርቀናል ትላለች። ሾፌሩ አልሄድኩም ይላል። የእኔ ገጽ አራት ጊዜ ሄዷል ይላል። እስቲ ስበሩት። ከዚያ በሕጉ መሠረት ዝም አለች።

ሰባሪዎቹ ለአንድ ሰዓት ሠሩ። ነቢዩ ቀመሮቹን አንድ በአንድ ፈተሸ። ደህና ናቸው። አንድ የባንክ ልጅ የቀኑን አቆጣጠር ጠረጠረ፤ የእኛና የፈረንጁ ተደባልቆ እንደሆነ። አልተደባለቀም። ዐብዲጀባር ቅጾቹ ሁለቴ ገብተው እንደሆነ ቆጠረ። አልገቡም። መብራት ሄደ፤ በባትሪ ቀጠሉ።

"እንግዲህ ሾፌሩ ነው" አለ የባንኩ ልጅ። "ቀመር አይሰርቅም።"

አትጠገብ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

"ሳምቡሳ! ሳምቡሳ!" አለ ዐብዲጀባር።

"አልተናገረችም፤ ተነፈሰች እንጂ" አለች ኢቅራ።

ኢቅራ የጤና ቢሮ ሠራተኛ ናት። በክትባት ቁጥር ስድስት ዓመት ስትደክም ኖራለች። እስከዚያ ሰዓት ጥግ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካ ነበር። "ኮምፒውተሩን ተዉት" አለች። "ወረቀቱ የት አለ? ሰው የጻፈው?"

አትጠገብ የቅጾቹን ክላሰር ይዛ መጥታ ነበር። ገፋችላት። ኢቅራ በካጋር ስም የገባውን የመጀመሪያውን ቅጽ አወጣች። ስሙ ላይ ጣቷን አኖረች። ከዚያ ጮክ ብላ አነበበችው፤

"ዓጋር።"

ዐይኑን ዐ ከጉሮሮዋ አውጥታ ነው ያነበበችው፤ አማርኛ ፊደሉን ይዞ ድምፁን የጣለውን። ክፍሉ ውስጥ ሶማልኛ የሚያውቅ ሁሉ ቃሉን ሰማ። ዓጋር አረንጓዴ ማለት ነው። አትጠገብ ቃሉን የምታውቀው ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ነው፤ የዓሻ በር ቀለም ዓጋር ነበር።

ኢቅራ ሁለተኛውን አነበበች። "ዓጋር።" ሦስተኛውን። "ዓጋር። አራቱም አንድ ናቸው። ካጋር የሚል ቅጽ እዚህ ውስጥ የለም።" ቀና ብላ አትጠገብን አየቻት። "ይቺ ሲ ናት። በሶማልኛ ሲ ካ አይደለችም፤ የጉሮሮዋ ዐ ናት። ዐብዲወሃብ ስሙን በምን የሚጽፍ ይመስልሻል? በሶማልኛ ስትሳደቢ የሚስተካከልሽ የለም፤ ፊደል ግን አልቆጠርሽም!"

ነቢዩ የቀበሌዎቹን ዝርዝር ከፈተ። የቢሮው ጸሐፊ ያቺኑ ዓጋርን በኤ ፊደል አጋር ብሎ ጽፏታል። ከሸደር በላይ ያለችው፣ ስድስት ሳምንት ቀይ የሆነችው። ከታች ደግሞ ሌላ ቀበሌ አለ፤ በኬ የሚጀምር፣ ካጋር። አትጠገብ ቅጹ ላይ ያለውን ሲ ስታይ ካ አለች፤ ሸደር እንደለመደችው። ድልድይዋ ላይ ከኬዋ ጋር አገናኘችው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለማስላት ኮምፒውተር አላስፈለገም። ቦቴ ወደ አጋር ይሄዳል። ያራግፋል። ቅጹ ሲመለስ ለካጋር ይቆጠራል። ካጋር አረንጓዴ ትሆናለች። አጋር ቀይ እንደሆነች ትቀራለች፤ ቀይ ስለሆነች ደግሞ ሌላ ቦቴ ይላክላታል። እሱም ለካጋር ይቆጠራል። ስድስት ሳምንት ሙሉ አንዱ ቀበሌ በሌላው ስም ጠጣ።

"የአጋር ሰዎች ለምን ዝም አሉ?" አለ የባንኩ ልጅ።

"ውሃ በዛብን ብሎ ቢሮ የሚመጣ ሰው አይተህ ታውቃለህ?" አለው ዐብዲጀባር።

አትጠገብ አሁን መናገር ትችል ነበር። "ጌዲ አልሸጠም" አለች። ክላሰሩን ዘጋች። "የሌሎቹን የሲ ስሞች ኢቅራ ታንብባቸው፤ ነቢዩ ይጻፍ። እኔ ቦቴ ላውጣ።"

ሰዓቱ ስድስት ተኩል ነበር። ከደረጃው ስር ሆና ጌዲ ጋ ደወለች። አነሳው።

"ሰሞኑን የምትሄደው የት ነበር?"

"አጋር ነዋ! ያውም ቢርካው ሞልቶባቸው። ባለፈው ጊዜ ግማሹን ለግመል ነው ያራገፍኩት። ምነው፣ ትናንት ሌባ ነህ ስትዪኝ ነበር እኮ።"

"እኔ አላልኩም። የዛሬውን ልንገርህ፤ ቦቴህን ጉድጓዱ ጋ ሙላው። ስምሪቱን አስፈርሜ እመጣለሁ።"

"ቅዳሜ? ዐብዲወሃብ ቅዳሜ ይፈርማል? ወላሂ፣ ስሙን እንኳ ቅዳሜ አያስታውስም።"

ዐብዲወሃብ ቅዳሜ ከሰዓት የት እንደሚገኝ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ከመስጊዱ ጀርባ ባለው የጓደኛው ቤት፣ ግድግዳውን የዞረ ፍራሽ ላይ። ባጃጅ ይዛ ሄደች። በሩ ላይ ስምንት ጥንድ ጫማ ነበር። አንኳኩታ ገባች። ወሬው ቆመ።

"ያ ረቢ" አለ ዐብዲወሃብ ትራሱን እያስተካከለ። "እዚህም ዳሽቦርድ ልታሳዪኝ ነው?"

"ማስረጃ አምጪ ብለውኝ ነበር።"

ቅጹን አውጥታ ፊቱ ያዘችለት። "ያንብቡልኝ።"

"ዓጋር።" አነበበና ትከሻውን ነቀነቀ። "እና?"

"እኔ ካጋር ብዬ ነው ያስገባሁት። አራቱንም።"

ዐብዲወሃብ ወረቀቱን ከእጇ ወሰደ። እንደገና አየው። ጫቱን ከጉንጩ ወደ ጉንጩ አዞረ። አጠገቡ የተቀመጠው ሽማግሌ አንገቱን አስግጎ አነበበና "ልጅቷ ይህን ማንበብ አትችልም?" አለ።

"አልችልም ነበር" አለች አትጠገብ።

"ሰኞ ቢሮ እንነጋገራለን" አለ ዐብዲወሃብ ቀስ ብሎ።

"ዛሬ ይፈርሙልኝ። ጌዲ ጉድጓዱ ጋ እየሞላ ነው። ነገ ንጋት ላይ ይወጣል።"

"ስሚኝ። ሐሙስ ዞኑ ሲጠይቀኝ ምን እላለሁ? እነዚያ የስልክ ሰዎች ይህን ቀን ነው የሚጠብቁት። አንድ ስህተት አገኙ ማለት ገጹን ያነሱታል። ዓመት የደከምሽበትን። በጸጥታ እናስተካክለው፤ ሰኞ ነጥቧ ራሷ ቀይ ትሆናለች፣ ማክሰኞ ቦቴ ይሄዳል። ማንም አያውቅም።"

"ማክሰኞ ሰዎቹ ይለቃሉ። የማይለቁት ደግሞ መሄድ የማይችሉት ናቸው።"

"አንቺንስ ምን ይሉሻል?"

"ሐሙስ አትጠገብ ተሳሳተች ይበሉ። ካላሉ እኔ እላለሁ።"

ሽማግሌው እስክሪብቶ ከደረት ኪሱ አውጥቶ ለዐብዲወሃብ አቀበለው። "ፈርምና ትሂድልን" አለ። "እዚህ ቆማ ምርቃናችንን ልታጠፋው ነው።"

ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ፈረመ። ወረቀቱን ሲሰጣት "ሁለት ቦቴ አድርጌዋለሁ" አለ።

እሑድ ንጋት ተነሱ። ጌዲ ፊት፣ ሁለተኛው ቦቴ ከኋላ። አትጠገብ ደውላ የጠራቻት ቢሻሮ በእሷና በጌዲ መሀል ተቀመጠች። ጌዲ እስከ ቱሊ ጉሌድ ድረስ ስለ ሌብነቱ አወራ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ዝም አሰኘው። ካጋር ሲደርሱ አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ከቢርካው አጠገብ የሞቱ በጎች አሉ። ሰባት ናቸው። ጄሪካኖቹ ሌሊቱን ሙሉ በሰልፍ ቆመዋል፤ ቢሻሮ በእህቷ ልጅ ስልክ ወሬውን ልካ ነበር። ቱቦው ሲከፈት እልል ያለ ሰው አልነበረም። ሁሉም ሥራ ላይ ነበር። አንዲት ልጅ ቱቦውን ከጌዲ ቀምታ ራሷ ያዘችው።

የኮሚቴው ጸሐፊ ቅጹን ሊሞላ ጎንበስ ሲል አትጠገብ ጎኑ ተቀመጠች።

"የመጀመሪያዋን ፊደል ንገረኝ።"

"ኬ።"

"ሌላ አጻጻፍ አለው?"

"የምን ሌላ? ካጋር ካጋር ነው።"

ቢሻሮ ለእናቷ ውሃ አድርሳ ተመልሳ መጣች። እጇ እርጥብ ነበር። አትጠገብ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት፤ ፊደሏን፣ ድልድዩን፣ አጋርን። ቢሻሮ እስከ መጨረሻው ሰማች።

"ስለዚህ ያጠፋሽው አንቺ ነሽ።"

"እኔ ነኝ።"

"ቦቴውንም ያመጣሽው አንቺ ነሽ።"

"አዎ።"

"ሰባት በጎች ናቸው" አለች ቢሻሮ። "የእኔ ሦስቱ ናቸው።" ስልክ ቁጥሯን ጠየቀቻት። ወረቀት ስላልነበራት የቤቷ በር ላይ በከሰል አስጻፈቻት።

ሐሙስ ስብሰባው ላይ አትጠገብ ዳሽቦርዱን ሳታበራ ቆመች። አምስት ዓረፍተ ነገር ተናገረች። ካጋር ሃያ ስድስት ቀን በመዝገቡ አረንጓዴ ሆና ደርቃ ነበር። ስህተቱ የስም ድልድዩ ላይ ነው። ድልድዩን ብቻዬን ሠራሁት። ሾፌሩ ጥፋት የለበትም። ሌሎች አራት ስሞችም ተገኝተዋል፤ ዝርዝራቸው ይኸውና።

የስልክ ሰዎቹ እንደተጠበቁት ሆኑ። "ብለን ነበር" አለ አንዱ የወረዳ ተወካይ። "ኮምፒውተር የሰውን አገር ስም ምን ያውቃል? ሊቀመንበሩ ይደውል፤ ያልቃል።" ድምፅ ተሰጠ። ዳሽቦርዱ ለአንድ ወር ታገደ። ዐብዲወሃብ አልተከራከረም። ሲወጡ ግን ኮሪደሩ ላይ አቆማት። "አንድ ወር ነው ያሉት፤ ለዘላለም አላሉም። በአንድ ወር ምን ትሠሪያለሽ?"

"ስም አልጠቀምም።"

"እንዴት?"

"ቁጥር።"

ከጌዲ ጋር ሰማንያ ስድስቱንም ዞረች። በእያንዳንዱ ቢርካ ግድግዳ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ጻፉ፤ ከአንድ እስከ ሰማንያ ስድስት። ቅጹ ላይ ከስሙ በፊት ቁጥሩ እንዲሞላ ሆነ። አንዳንድ ቦታ ሽማግሌዎች ተቆጡ፤ "እኛ እስረኞች ነን ቁጥር የምንለብሰው?" አሏት። በሶማልኛ መለሰችላቸው፤ መልሱ አይጻፍም፤ ሳቁ፤ ቀለሙን ተቀበሉ። ሁለት ቦታ እምቢ አሉ። እዚያ ድንጋይ ላይ ጻፈች።

ቅዳሜ ሰባሪዎቹ ሕጋቸውን አሻሻሉ። ከእንግዲህ ማንም ዳሽቦርድ ሲያመጣ ሰው በእጁ የጻፈውን ወረቀትም ይዞ ይመጣል። ድልድይ ደግሞ በሁለት ሰው ይሠራል፤ አንዱ በሶማልኛ የሚያነብ። ዐብዲጀባር ይህን ሰምቶ የራሱን ገጽ ከፍቶ ፈተሸ። ሁለት ገበያዎችን አንድ አድርጎ ለስምንት ወር ሪፖርት ሲያደርግ ኖሯል። ሳምቡሳ ገዛ፤ ማንም ሳይጠይቀው።

እገዳው ከወር አልፎ ሁለት ወር ቆየ። በእነዚያ ሁለት ወራት ቦቴው ወደ ደዋዩ ሄደ። አትጠገብ ግን ቁጥሮቹን በየቀኑ ማስገባቷን አላቋረጠችም። በስምንተኛው ሳምንት ማብቂያ ስብሰባ ላይ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በስልክ ከተመሩት ቦቴዎች ስንቱ ወደ ስንት ቀበሌ እንደሄዱ ልታሳይ። ፈቀዱላት። ሠላሳ አንድ ቀበሌ አንድም አላገኘም። ከእነዚያ ውስጥ አምስቱ፣ ብለን ነበር ያለው ሰውዬ ወረዳ ቀበሌዎች ነበሩ። እሱ ራሱ እጁን አወጣና "ይመለስ" አለ።

በሚያዝያ ዳሽቦርዱ ሲከፈት ካጋር አርባ አራት ቁጥር ሆናለች። ቀለሟ ቢጫ ነበር፤ ሰባት ቀኗ ሊሞላ ተቃርቧል ማለት ነው። ሁለት ቀን ቆይቶ ቦቴ ደረሳት፤ አረንጓዴ ሆነች። አትጠገብ ግን አላመነችም። ዓርብ ጠዋት ስልኳ ጮኸ። ቁጥሩን አላወቀችውም።

"ቢሻሮ ነኝ። ውሃው ደርሷል።"

"አልሐምዱሊላህ፣ ኤዶ።"

"ቆይ። ደርሷል፤ ግን ጨው ነው። ፍየሎቹ ቀምሰው ተዉት። ልጆቹ ሆዳቸውን አመማቸው። ከየትኛው ጉድጓድ ነው የቀዳችሁት?"

አትጠገብ መልሱን አታውቅም ነበር። ቅጹ ላይ የጉድጓድ ቦታ የለም። ጣዕም የሚባል ነገርም የለም። ውሃ ውሃ ነው ብለው ነበር የሠሩት፤ እሷም፣ ነቢዩም፣ ሰባሪዎቹም።

"ዛሬውኑ አጣራለሁ" አለች። "አትጠጡት።"

ስልኩን ትከሻዋና ጆሮዋ መሀል አጣብቃ ፋይሉን ከፈተች። ከቁጥሩ ቀጥሎ አንድ ባዶ ዓምድ ጨመረች፤ የተቀዳበት ጉድጓድ። አጠገቡ ሌላ ጨመረች፤ ጣዕም። አርባ አራተኛው መስመር ላይ ጨው ብላ ጻፈች። ከዚያ ጌዲ ጋ ለመደወል ተነሳች።